የተለወጠ የሒሳብ ቁጥር፦ የንግድ ኢሜይልን ከአይፈለጌ መልእክትና ከአዳዲስ ማጭበርበሮች መጠበቅ

እ.ኤ.አ. ጁላይ 15 ቀን 2024 በሲንጋፖር የሚገኝ አንድ የሸቀጥ ንግድ ኩባንያ ከዕቃ አቅራቢው የተላከ የሚመስል ኢሜይል ደረሰው። መልእክቱ ያልተከፈለው ሒሳብ በምሥራቅ ቲሞር ወደሚገኝ አዲስ የባንክ ሒሳብ እንዲገባ የሚጠይቅ ነበር። የላኪው አድራሻ ከእውነተኛው የአቅራቢው አድራሻ የሚለየው በጥቂቱ ብቻ ነው። ኩባንያው ልዩነቱን ሳያስተውል ከአራት ቀናት በኋላ 42.3 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር አስተላለፈ። ማጭበርበሩ የታወቀው እውነተኛው አቅራቢ ጁላይ 23 ቀን ክፍያው እንዳልደረሰው ባሳወቀ ጊዜ ነበር።

ይህ ዓይነቱ ወንጀል የንግድ ኢሜይል ማጭበርበር ተብሎ ይጠራል። የአሜሪካ ፌዴራል የምርመራ ቢሮ የኢንተርኔት ወንጀል አቤቱታ ማዕከል በ2023 ብቻ በዚህ ረገድ 21,489 አቤቱታዎችን ተቀብሎ ከ2.9 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሆነ ኪሳራ መዝግቧል። አኃዙ የሚያሳየው አቤቱታ ያቀረቡትን ብቻ መሆኑም ሊዘነጋ አይገባም።

ብዙ የንግድ ተቋማት ኢሜይላቸውን መጠበቅ ማለት ጥሩ ማጣሪያ መግዛት ብቻ አድርገው ይመለከቱታል። ማጣሪያ አስፈላጊ ነው፤ ነገር ግን ከላይ የተገለጸውን ዓይነት አጭር፣ ጨዋና ምንም አደገኛ አባሪ የሌለበት መልእክት ሁልጊዜ ሊያስቀር አይችልም። ስለዚህ ጥበቃው ሦስት ነገሮችን በአንድነት ማካተት ይኖርበታል፤ እነርሱም የተቋሙ ስም የሆነው ዶሜይን፣ የሠራተኛው የኢሜይል መለያ እና የክፍያ አሠራሩ ናቸው። ከሦስቱ ብዙ ወጪ የማይጠይቀው፣ ነገር ግን በብዛት የሚዘነጋው የመጨረሻው ነው።

ኢሜይል የላኪውን ማንነት ለምን አያረጋግጥም?

የችግሩ ሥር ያለው በኢሜይል አመሠራረት ላይ ነው። ዛሬም ዓለም የሚጠቀምበት የኢሜይል ማስተላለፊያ ደንብ መሠረት የተጻፈው በ1982 ነው። በዚያን ጊዜ መረቡን ይጠቀሙ የነበሩት በአብዛኛው እርስ በርስ የሚተዋወቁ ተመራማሪዎችና ተቋማት ስለነበሩ ደንቡ መልእክቱን ከአንዱ ሰርቨር ወደ ሌላው ማድረስን እንጂ የላኪውን እውነተኛነት መመርመርን አላካተተም። በፖስታ ጀርባ ላይ ማንም ሰው የፈለገውን ስም መጻፍ እንደሚችል ሁሉ፣ በኢሜይልም የላኪ አድራሻ በሚጻፍበት ቦታ ማንኛውንም አድራሻ ማስፈር ይቻል ነበር።

ያልተፈለገ መልእክት ግን ከዚህ ደንብም ይቀድማል። በ1978 የዲጂታል ኢኩይፕመንት ኮርፖሬሽን የገበያ ባለሙያ የነበረው ጋሪ ቱርክ የኩባንያውን አዳዲስ ኮምፒዩተሮች ለማስተዋወቅ ወደ 400 ለሚጠጉ የአርፓኔት ተጠቃሚዎች አንድ መልእክት በአንድ ጊዜ ላከ። ይህ ድርጊት የመጀመሪያው አይፈለጌ መልእክት ተደርጎ ይታወሳል። መልእክቱ የሰዎችን ጊዜ ወሰደ እንጂ ማንንም ለመዝረፍ የታሰበ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ባሉት ዐሥርት ዓመታት ግን ተራው ማስታወቂያ የይለፍ ቃል ለሚሰርቅ፣ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ ለሚጠይቅና የባንክ ሒሳብ ለሚያስቀይር ወንጀል መንገድ ከፍቷል።

ማጣሪያው የሚችለውና የማይችለው

የመጀመሪያዎቹ ማጣሪያዎች የተከለከሉ ቃላትንና የታወቁ አይፈለጌ መልእክት ላኪዎችን ዝርዝር ይዘው የሚሠሩ ነበሩ። በ2002 የኮምፒዩተር ባለሙያው ፖል ግራሃም ባሳተመው ጽሑፍ ማጣሪያው ከእያንዳንዱ ተጠቃሚ መልእክት እየተማረ አንድ ቃል በአይፈለጌ መልእክት ውስጥ የመገኘት ዕድሉን እንዲያሰላ ሐሳብ አቀረበ። ይህ በስሌት ላይ የተመሠረተ አካሄድ በሰፊው ተቀባይነት አገኘ። የዛሬዎቹ ማጣሪያዎች በዚህ ላይ የላኪውን ሰርቨር የቀደመ ታሪክ፣ በመልእክቱ ውስጥ ያሉትን ማስፈንጠሪያዎችና የአባሪዎቹን ጠባይ ይመረምራሉ።

እነዚህ መሣሪያዎች በአንድ ጊዜ ለብዙ ሺህ ሰዎች የሚላኩ መልእክቶችን በመያዝ ረገድ ውጤታማ ናቸው። ችግሩ ለአንድ ሰው ብቻ፣ ስለ አንድ ጉዳይ ብቻ የሚጻፈው መልእክት ነው። «እንደምን ሰነበታችሁ፤ ባንካችን የሒሳብ ምርመራ ላይ ስለሆነ ቀጣዩን ክፍያ ከዚህ በታች ወደተገለጸው ሒሳብ እንድታስገቡልን እንጠይቃለን» የሚል ጽሑፍ ማጣሪያው ሊጠረጥረው የሚችል ብዙ ምልክት የለውም። ማስፈንጠሪያም፣ አባሪም፣ የተከለከለ ቃልም አልያዘም።

አጥቂዎቹም መንገዳቸውን ይለዋውጣሉ። ማይክሮሶፍት በ2022 ከኢንተርኔት በሚመጡ የኦፊስ ሰነዶች ውስጥ ያሉ ማክሮ የተባሉ ትእዛዞች እንዳይሠሩ አስቀድሞ ማገድ ሲጀምር፣ ወንጀለኞቹ ወደ ሌሎች የፋይል ዓይነቶች ዞሩ። አንዳንዶቹ ማስፈንጠሪያውን በኪውአር ኮድ ምስል ውስጥ ይደብቁታል። ሠራተኛው ኮዱን በግል ስልኩ ሲያነብ ከመሥሪያ ቤቱ ጥበቃ ውጭ ይወጣል።

የዶሜይን ጥበቃ፦ ሦስቱ መዝገቦች

አንድ ተቋም ሌላ ሰው በስሙ ኢሜይል እንዳይልክ ለመከላከል የሚረዱ ሦስት ዓለም አቀፍ ደንቦች አሉ። ሦስቱም የሚጻፉት በተቋሙ ዶሜይን የስም መዝገብ ላይ ሲሆን፣ ለመጻፍ የተለየ ክፍያ አይጠየቅባቸውም።

የመጀመሪያው ኤስ.ፒ.ኤፍ ይባላል። በተቋሙ ስም ኢሜይል ለመላክ የተፈቀደላቸውን ሰርቨሮች ዝርዝር የያዘ መዝገብ ነው። በጥበቃ ሠራተኛ ጠረጴዛ ላይ ከሚቀመጥ የተፈቀደላቸው መልእክተኞች የስም ዝርዝር ጋር ሊመሳሰል ይችላል።

ሁለተኛው ዲኪም ነው። ከተቋሙ የሚወጣው እያንዳንዱ መልእክት ዲጂታል ፊርማ እንዲያርፍበት ያደርጋል። ተቀባዩ ሰርቨር በዶሜይኑ መዝገብ ላይ በተቀመጠው ቁልፍ ፊርማውን ይመረምራል፤ በመንገድ ላይ የተለወጠ ነገር ካለም ይለያል። አገልግሎቱ በደብዳቤ ላይ እንደሚያርፍ ማኅተም ነው።

ሦስተኛው ዲማርክ ሲሆን ሁለቱን ያስተሳስራል። ኤስ.ፒ.ኤፍ ብቻውን የሚመረምረው ሰርቨሮች እርስ በርስ የሚለዋወጡትን የመመለሻ አድራሻ እንጂ አንባቢው በስክሪኑ ላይ የሚያየውን የላኪ ስም አይደለም። ዲማርክ ግን የተረጋገጠው ዶሜይንና አንባቢው የሚያየው ዶሜይን አንድ መሆናቸውን ይጠይቃል። ካልተስማሙ ተቀባዩ ምን ማድረግ እንዳለበትም የዶሜይኑ ባለቤት ያዛል፤ መልእክቱን እንዲሁ አሳልፎ ሪፖርት ብቻ እንዲልክ፣ ወደ አይፈለጌ መልእክት ማኅደር እንዲያስገባው፣ ወይም ጭራሽ እንዳይቀበለው።

በዚህ ላይ የሚፈጸመው የተለመደ ስሕተት በመጀመሪያው ደረጃ ላይ መቅረት ነው። መዝገቡን ጽፈው «ሪፖርት ብቻ» በሚለው የተዉት ተቋማት የሚሆነውን ያያሉ እንጂ አይከለክሉም። ትክክለኛው አካሄድ ለተወሰኑ ሳምንታት ሪፖርቶቹን መርምሮ በተቋሙ ስም የሚልኩትን ሁሉ መለየት ነው፤ የሒሳብ ሶፍትዌሩን፣ የማስታወቂያ መላኪያ አገልግሎቱንና ድረ ገጹን ጭምር። ከዚያ በኋላ ደረጃ በደረጃ ወደ ማገድ መሸጋገር ይገባል። ኢሜይል የማይላክባቸው፣ ነገር ግን በተቋሙ ስም የተመዘገቡ ዶሜይኖችም በዚሁ መንገድ መዘጋት ይኖርባቸዋል።

ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ ጉዳዩ የምርጫ ብቻ መሆኑ ቀርቷል። ጎግል በቀን ከ5,000 በላይ መልእክት ወደ ጂሜይል አድራሻዎች የሚልኩ ሁሉ ሦስቱንም ደንቦች እንዲያሟሉ መጠየቅ ጀምሯል፤ ያሁም ብዛት ባላቸው ላኪዎች ላይ ተመሳሳይ ግዴታ ጥሏል። የተቀባዮች የአይፈለጌ መልእክት አቤቱታ ከ0.3 በመቶ በታች እንዲሆንም ይጠበቃል። ይህን የማያሟላ የንግድ ተቋም እውነተኛ መልእክቱ ሳይቀር ከደንበኞቹ ላይደርስ ይችላል።

በአካባቢው በርካታ አነስተኛ አስመጪዎችና ላኪዎች የንግድ ጉዳያቸውን በነጻ የኢሜይል አድራሻ ያካሂዳሉ። ይህ ወጪ ይቆጥባል፤ ነገር ግን ማንኛውም ሰው አንድ ፊደል ወይም ቁጥር ጨምሮ ተመሳሳይ አድራሻ መክፈት ይችላል፤ ነጋዴውም በዚያ ላይ የራሱን የማገጃ ደንብ መጣል አይችልም። የራስን ዶሜይን መያዝ ለንግዱ ስም ክብር ከመስጠት ባሻገር የጥበቃው መነሻ ነው።

በትክክለኛው አድራሻ የሚመጣ አደጋ

ሦስቱ መዝገቦች የተቋሙን ዶሜይን እንዳለ አስመስሎ የሚላከውን ይከላከላሉ። ሁለት መንገዶች ግን ክፍት ይቀራሉ።

አንደኛው ተመሳሳይ ዶሜይን መመዝገብ ነው። በላቲን ፊደል «አር» እና «ኤን» ጎን ለጎን ሲጻፉ «ኤም» ይመስላሉ፤ ዜሮ ቁጥርና «ኦ» ፊደልም ይመሳሰላሉ። ወንጀለኛው እንዲህ ያለ ዶሜይን በሕጋዊ መንገድ ገዝቶ ሦስቱንም መዝገቦች ሊያሟላ ይችላል። ምርመራውን የሚያልፈው ሐሰተኛ አድራሻ ሆኖ ሳይሆን የሌላ ሰው እውነተኛ አድራሻ ሆኖ ነው።

ሁለተኛው የሠራተኛውን መለያ መያዝ ነው። በዓረብኛ «ተሰዩድ» የሚባለውና ከአደን ጋር የተያያዘው ቃል ድርጊቱን በሚገባ ይገልጸዋል፤ በአማርኛም ማጥመድ ይባላል። ሠራተኛው ወደ ሐሰተኛ የመግቢያ ገጽ ተመርቶ የይለፍ ቃሉን ያስገባል። አጥማጁም ወዲያውኑ አይሰርቅም። የመልእክት ልውውጡን ለሳምንታት ያነባል፤ ማን ለማን እንደሚከፍል፣ ጭነቱ መቼ እንደሚነሳ፣ ኃላፊው መቼ ጉዞ ላይ እንደሚሆን ያጠናል። አንዳንድ ጊዜም ስለ ክፍያ የሚመጡ መልእክቶች ወደ ሌላ አድራሻ እንዲተላለፉ ወይም ከባለቤቱ ዓይን እንዲሰወሩ የሚያደርግ ደንብ በመለያው ውስጥ ይጽፋል። በመጨረሻም በነበረው የውይይት ሰንሰለት ውስጥ ገብቶ፣ ከትክክለኛው አድራሻ፣ በተለመደው የአጻጻፍ ስልት አዲሱን የሒሳብ ቁጥር ይልካል።

ለዚህ የሚበጀው መከላከያ የይለፍ ቃል ብቻውን መግቢያ እንዳይሆን ማድረግ ነው። በስልክ አጭር መልእክት የሚላክ ተጨማሪ ኮድ ከምንም ይሻላል፤ ሆኖም ሐሰተኛው ገጽ ኮዱንም ተቀብሎ በቅጽበት ሊጠቀምበት ይችላል። ፓስኪ የሚባለው አሠራርና አነስተኛዋ የደህንነት ቁልፍ የበለጠ አስተማማኝ ናቸው፤ ምክንያቱም የሚሠሩት ከተመዘገቡበት እውነተኛ ድረ ገጽ ጋር ብቻ ነው። የኮምፒዩተር ባለሙያውም በየመለያው ውስጥ ያልታወቁ የማስተላለፊያ ደንቦች መኖራቸውን በየጊዜው መመርመር፣ ሥራ የለቀቁ ሠራተኞችን መለያም ሳይውል ሳያድር መዝጋት ይጠበቅበታል።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት የለወጠው ነገር

እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ለሠራተኞች ይሰጥ የነበረው ምክር «የሰዋስው ስሕተት ያለበትን መልእክት ተጠራጠሩ» የሚል ነበር። ይህ ምልክት ዛሬ አስተማማኝ አይደለም። ሰው ሠራሽ አስተውሎት በእንግሊዝኛም ሆነ በዓረብኛ የተስተካከለ የንግድ ደብዳቤ በሴኮንዶች ውስጥ ይጽፋል፤ በአማርኛም ችሎታው እየተሻሻለ ነው። የተዋበ አጻጻፍ የታማኝነት ማስረጃ መሆኑ ቀርቷል።

ድምፅና ምስልም ከዚህ አላመለጡም። በ2024 መጀመሪያ ላይ አሩፕ የተባለው ዓለም አቀፍ የምሕንድስና ኩባንያ የሆንግ ኮንግ ቅርንጫፍ ሠራተኛ ከገንዘብ ኃላፊው የመጣ የሚመስል መልእክት ደርሶት ነበር። ሠራተኛው መጀመሪያ ተጠራጥሮ ነበር፤ በቪዲዮ ስብሰባ ላይ ኃላፊውንና የሥራ ባልደረቦቹን «ካየ» በኋላ ግን 200 ሚሊዮን የሆንግ ኮንግ ዶላር፣ ማለትም 25 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ገደማ አስተላለፈ። በስብሰባው ላይ የታዩት ሰዎች በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተቀነባበሩ ነበሩ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት አጥቂው ራሱ ባዘጋጀው መገናኛ የሚደረግ ማረጋገጫ ማረጋገጫ አለመሆኑ ነው።

ጉዳዩ በባሕረ ሰላጤው አገሮችና በኢትዮጵያ

ባሕረ ሰላጤው የንግድ መተላለፊያ እንደመሆኑ ጉዳዩ በቀጥታ ይመለከተዋል። የዱባይ ፖሊስ በጁን 2020 ባካሄደው «የቀበሮ አደን 2» የተሰኘ ዘመቻ በኢሜይል ማጭበርበር የተጠረጠሩ ግለሰቦችን በቁጥጥር ሥር ማዋሉ ይታወሳል። ከእነርሱ አንዱ በማኅበራዊ መገናኛ «ሃሽፓፒ» በሚል ስም የሚታወቀው ናይጄሪያዊው ራሞን አባስ ሲሆን፣ በአሜሪካ ፍርድ ቤት በገንዘብ ማጠብ ሤራ ጥፋተኛነቱን አምኖ በኖቬምበር 2022 የ135 ወራት እስራት ተፈርዶበታል።

በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ከጃንዋሪ 2 ቀን 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የ2021 የፌዴራል ድንጋጌ ሕግ ቁጥር 34 ሐሰተኛ የኢሜይል መለያ መፍጠርን በወንጀልነት ደንግጓል። በኢትዮጵያም የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ተቀባዩ አስቀድሞ ሳይፈቅድ የንግድ ማስታወቂያ በኢሜይል ማሰራጨትን ይከለክላል።

ይሁን እንጂ ሕግ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ ገንዘቡ ከሄደ በኋላ ነው። ከዱባይ ዕቃ የሚያስመጣ የአዲስ አበባ ነጋዴም ሆነ ቡና ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ የሚልክ ኩባንያ ፕሮፎርማውን፣ የጭነት ሰነዱንና የሒሳብ ቁጥሩን የሚለዋወጠው በአብዛኛው በኢሜይል ነው። የውጭ ምንዛሪ ለማግኘት ረጅም ጊዜ ለጠበቀ አስመጪ ደግሞ አንድ ክፍያ ወደ ተሳሳተ ሒሳብ መግባቱ የጠቅላላ ሥራው መቆም ሊሆን ይችላል።

የክፍያ አሠራር፦ የመጨረሻው በር

በዚህ ምክንያት ከቴክኖሎጂው ባሻገር እያንዳንዱ የንግድ ተቋም በጽሑፍ የሰፈረና ከባለቤቱ ጀምሮ ሁሉም የሚገዛበት የክፍያ ደንብ ሊኖረው ይገባል። ዋና ዋናዎቹ ነጥቦች የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛ፣ የባንክ ሒሳብ ለውጥ በኢሜይል ብቻ ተቀባይነት አይኖረውም። ለውጡ የሚረጋገጠው በውሉ ላይ ወይም በቀደመው መዝገብ ላይ ወዳለው ስልክ በመደወል ነው፤ በአዲሱ መልእክት ላይ በተጻፈው ቁጥር ፈጽሞ አይደለም።

ሁለተኛ፣ ከተወሰነ መጠን በላይ የሆነ ክፍያ የሁለት ሰዎችን ፈቃድ ይጠይቃል። ሁለቱም ሰነዱን በየራሳቸው ይመረምራሉ።

ሦስተኛ፣ ጥድፊያና ምሥጢራዊነት ክፍያን ለማቆም በቂ ምክንያት ናቸው። «ዛሬውኑ»፣ «ለማንም እንዳትናገር» የሚል ትእዛዝ ከኃላፊ የመጣ ቢመስልም እስኪረጋገጥ ይቆያል።

አራተኛ፣ ሁለቱ ወገኖች ገና ውል ሲፈራረሙ የሒሳብ ለውጥ በምን መንገድ እንደሚገለጽ ይስማማሉ። ንግድ ከተጀመረ በኋላ ከሚነሳ ክርክር ይህ ይቀላል።

አምስተኛ፣ ለማጣራት ሲል ክፍያ ያዘገየ ሠራተኛ አይወቀስም። ይህ ነጥብ ቀላል መስሎ ቢታይም ከሁሉ የሚከብደው እርሱ ነው። በ2016 የኦስትሪያው የአውሮፕላን አካላት አምራች ኤፍ.ኤ.ሲ.ሲ በዋና ሥራ አስፈጻሚው ስም በተላከ ሐሰተኛ ኢሜይል ምክንያት 50 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ከሒሳቡ ወጥቶበታል። በዚያው ዓመት ኩባንያው ዋና ሥራ አስፈጻሚውን አሰናብቷል። የገንዘብ ክፍል ሠራተኛ የአለቃውን ትእዛዝ መጠየቅ የሚፈራበት መሥሪያ ቤት ለአጭበርባሪው የተመቸ ነው።

አደጋው ከደረሰ

ማጭበርበሩ እንደታወቀ የመጀመሪያው እርምጃ ወደ ባንክ ደውሎ ክፍያው እንዲታገድና እንዲመለስ መጠየቅ ነው። ቀጥሎ ለፖሊስ ማመልከት ይገባል። መልእክቶቹ መጥፋት የለባቸውም፤ የተላኩበትን መንገድ የሚያሳየው መረጃ ያለው በውስጣቸው ነውና። የኮምፒዩተር ባለሙያውም የይለፍ ቃሎችን ይለውጣል፣ የተከፈቱ ግንኙነቶችን ያቋርጣል፣ በመለያው ውስጥ የተደበቁ ደንቦችን ያጠፋል። ከተቋሙ ጋር የሚገበያዩ ሌሎች ደንበኞችም በስልክ ሊነገራቸው ይገባል፤ ተመሳሳይ መልእክት ደርሷቸው ሊሆን ይችላልና።

ብዙዎች ጉዳዩን ለማመልከት የሚዘገዩት ከኀፍረት የተነሣ ነው። የሲንጋፖሩ ኩባንያ ግን ማጭበርበሩን እንዳወቀ ለፖሊስ አመለከተ። የሲንጋፖር ፖሊስም ኢንተርፖል ክፍያዎችን በአስቸኳይ ለማስቆም ባቋቋመው አይ-ግሪፕ በተባለው ሥርዓት አማካይነት የምሥራቅ ቲሞር ባለሥልጣናትን እርዳታ ጠየቀ። ጁላይ 25 ቀን 39 ሚሊዮን ዶላር በሐሰተኛው ሒሳብ ላይ ተገኝቶ ታገደ። ቀጥሎ በተደረገው ምርመራ ሰባት ተጠርጣሪዎች ተይዘው ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተጨማሪ ገንዘብ ተመለሰ። በድምሩ ከ41 ሚሊዮን ዶላር በላይ ማዳን የተቻለው ማመልከቻው በፍጥነት ስለቀረበ ነው። ገንዘቡ በብዙ ሒሳቦች ተከፋፍሎ ከወጣ በኋላ ግን ነገሩ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይሆናል።

ስለዚህ ጥበቃውን ለመጀመር ትልቅ በጀት መጠበቅ አያስፈልግም። የተቋሙ ባለቤት በዚህ ሳምንት ሦስት ጥያቄዎችን ማንሳት ይችላል፦ የዶሜይናችን መዝገብ ሐሰተኛ መልእክትን ያግዳል ወይስ ሪፖርት ብቻ ያደርጋል? ወደ ገንዘብ ክፍሉ ኢሜይል መለያ ያለ ሁለተኛ ማረጋገጫ መግባት ይቻላል? የአቅራቢያችን የሒሳብ ቁጥር ተለወጠ የሚል መልእክት ቢመጣ ማን፣ በየትኛው ስልክ ይደውላል? ለመጨረሻው ጥያቄ የሰው ስምና የስልክ ቁጥር ወዲያውኑ የማይገኝ ከሆነ ሥራው መጀመር ያለበት ከዚያ ነው።